ምዕራፍ አምስት፦ አታላግጥብኝ

ቡሬ ገበያ በርበሬ የሚገዛ ነጋዴ ከጆንያው አፍ ላይ ያለውን ፍሬ አያምንም። እጁን እስከ ክንዱ ድረስ ይሰድና ከሥር አንድ ይመዛል፤ የረጠበውና የነጣው ከሥር ይደበቃል ብሎ ይጠረጥራልና። የመዘዛትን በጥፍሩ ሰንጥቆ ዘሯን ያያል፣ ያሸታታል፣ አንዴ ያነጥሳል፣ ከዚያ በኋላ ዋጋ ይጠራል። የጠራው ዋጋ ገበያው ከሚለው እጅግ የወረደ እንደሆነ ባለጆንያዋ «አይሆንም» አትለውም። «ምነው ልጄ፣ ታላግጥብኛለህ እንዴ?» ነው የምትለው። እሱም ቶሎ ብሎ «ኧረ እትዬ፣ ምን በወጣኝ!» ይልና ትንሽ ከፍ ያደርጋል።

ሰውየው አልሳቀም፤ አልሰደበም፤ ፊቱን እንኳ አላጣመመም። ቁጥር ነው የጠራው። ሆኖም ሴትዮዋ የሰማችው ሌላ ነው። ችግኝ አፍልታ፣ ነቅላ ተክላ፣ ኮትኩታ፣ ከለቀመች በኋላም ዝናብ እንዳይነካው ከደጅ ወደ ቤት ከቤት ወደ ደጅ እያመላለሰች ያደረቀችውን በርበሬ እንደ ዋዛ ቆጠረው። በምዕራብ ጎጃም አፍ ማላገጥ መጀመሪያ ይህ ነው፤ ክብደት ያለውን ነገር ቀላል አድርጎ መያዝ። ሰከላ ላይ ድንችና ገብስ ይዞ ገበያ የወጣ ገበሬም ሲከፋው የሚያወጣው ይህንኑ ቃል ነው፤ የፍኖተ ሰላም ጋሪ ነጂም እንዲሁ። ክፍል ገብቶ ሳያስተምር የሚወጣ መምህር «በልጆቹ ያላግጣል» ይባላል። ሕመምተኛ አስቀምጦ የሚጠፋ ባለሙያ «በሰው ነፍስ ያላግጣል» ይባላል። በሥራው የሚዘናጋ ሰው «አታላግጥ፣ ሥራህን ሥራ» ተብሎ ይገሠጻል፤ እዚህ ላይ የተሳቀበት ሰው ጨርሶ የለም፤ የተናቀው ሥራው ነው።

ሁለተኛውና ሁላችን የምናውቀው ፍቺ፣ በሰው መሳቅ፣ ከዚህ የሚርቅ አይመስለኝም። በአካለ ጎደሎ የሚያላግጥ ጎረምሳ፣ በድሀ ልብስ የሚያላግጥ ባለጠጋ፣ የሌላውን አነጋገር እየቀዳ የሚያላግጥ ጓደኛ፣ ሁሉም የሚያደርጉት ያው የነጋዴውን ነው። የአንድን ሰው ሕይወት ከሚመዝነው በታች ዋጋ ይጠሩበታል። «አላጋጭ» የሚለው ስም ለሁለቱም፣ ለሳቂውም ለዘንጊውም፣ የሚሰጠው በአጋጣሚ አይደለም።

አሁን የቃሉን ጅራት እንመልከት። ሴትዮዋ «ታላግጣለህ?» ብቻ ሳይሆን «ታላግጥብኛለህ?» ነው ያለችው። ይህች «ብ» በአማርኛ ብዙ ሥራ አለባት። ሰኔ ላይ ዘር የበተነ ገበሬ «ዘነበልን» ይላል፤ ያው ዝናብ ኅዳር ላይ አውድማ ላይ ሲደርስ «ዘነበብን» ይላል። ዝናቡ አንድ ነው፣ የተለየው ማንን እንደጠቀመና ማንን እንደጎዳ ነው። «ሳቀልኝ»ና «ሳቀብኝ»ም እንዲሁ፤ አንዱ ሕፃን ለእናቱ የሚያደርገው ነው፣ ሌላው ጠላት ለጠላቱ። ነገር ግን «ብ» ጉዳትን ብቻ አታመለክትም። «ሞፈሩን ጠግኖ አረሰበት» ስንል መሣሪያን ታሳያለች፤ «አጎዛው ላይ ተኛበት» ስንል ቦታን። «አላገጠብኝ» የሚል ሰው ሦስቱንም ባንድ ትንፋሽ ይናገራል፦ ጎዳኝ፤ መሣሪያ አደረገኝ፤ ሜዳ አደረገኝ። አፌዘብኝ፣ ተሳለቀብኝ፣ አሾፈብኝ፣ ዘበተብኝ፣ ቀለደብኝ የሚሉት ሁሉ ይህችኑ «ብ» ይዘው ይዞራሉ። የአዲስ አበባ ልጅ ከውጭ ቃል ተውሶ «ሙድ ያዘብኝ» ሲል እንኳ ቃሉን ከባዕድ አመጣው እንጂ ጅራቱን ከቤቱ ነው የቀጠለለት።

ስድብ ግን «ሰደበኝ» ነው። ሰዳቢው ወደ እኔ ዞሮ፣ ፊቴን እያየ፣ ቃሉን ለእኔ ወረወረው። አላጋጭ ፊቱ ወደ እኔ አይደለም። እኔን ይዞ ለሌላ ሰው ነው የሚጫወተው። ለስድብ ሁለት ሰው ይበቃል፤ ለማላገጥ ሦስተኛ ሰው ያስፈልጋል፣ ባይኖር እንኳ በሐሳብ ይፈጠራል። ስለዚህም ሰው ከሰደበው ይልቅ ያላገጠበትን ለብዙ ዘመን ያስታውሳል፤ ከአላጋጩ ጋር የሳቁትን ፊቶች አንድ በአንድ እየቆጠረ።

ይህን ሦስተኛ ሰው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ጥንትም አውቆታል። ፊደል ቆጥሮ፣ ንባብ ለይቶ ዳዊት የጀመረ ልጅ በመጀመሪያው መዝሙር የመጀመሪያ ቁጥር ላይ «መስተሳልቃን» የሚለውን ቃል ያገኛል። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «ዋዘኞች» ብሎ ተርጉሞታል። እዚያ ቁጥር ላይ ክፋት በሦስት ደረጃ ይመጣል፤ መጀመሪያ መሄድ፣ ቀጥሎ መቆም፣ በመጨረሻ መቀመጥ። ዋዘኞች የተሰጣቸው የመጨረሻው፣ ወንበሩ ነው። በጎጃም የአብነት ትምህርት ቤት ላደገ ሰው ደግሞ ወንበር ተራ ዕቃ አይደለም። መምህር ትምህርት ቤት ሲከፍት «ወንበር ተከለ» ይባላል። እንግዲያው የዋዘኛ ወንበር ማለት ደቀ መዝሙር ያለው፣ ሰሚ የተሰበሰበለት፣ የሚያስተምር ወንበር ማለት ነው። አላጋጭ ብቻውን አያላግጥም፤ ያስተምራል።

ታዲያ በጎጃም ምድር ሳቅ ሁሉ ተከልክሎ አያውቅም። የሚያስደንቀኝ ይህ ነው። የዋሸራና የጎንጅ ቅኔ ስማቸው በመላው አገር የተጠራበት ይህ ምድር ሰውን ሸንቆጥ የማድረግን ጥበብ እንደ ትምህርት ይዞታል። የቅኔ ተማሪ ቀን ነጠላውን ተከናንቦ ከዛፍ ሥር ወይም ከአጥር ጥግ ለብቻው ቅኔ ይቆጥራል። ጊዜው ሲደርስ የቆጠረውን ለየኔታ ያቀርባል። ጉባኤ ቃና የምትባለው ቅኔ ሁለት ቤት ብቻ ነች፤ ቤት ከሰበረ፣ ምሥጢሩ ከተዛባ የኔታ ያርማሉ፣ ባልንጀሮቹ ደግሞ ይስቃሉ። ያ ሳቅ ያማል። በቁራሽ እንጀራ የሚኖር፣ ደበሎ ለብሶ ከውሻ ጋር እየታገለ የሚለምን ልጅ ከእውቀቱ በቀር ምን ክብር አለው? ግን ያ የተሳቀበት ልጅ ነገ ተራው ይደርሰዋል። ሰሙን ስለ አንድ ጻድቅ ወይም ስለ አንድ ዛፍ አድርጎ፣ ወርቁን በትናንቱ ሳቂ ላይ ያሳርፋል። ሳቂው ገብቶት ዝም ካለ ተሸነፈ፤ ከመለሰ ጨዋታው ቀጠለ። ደንቡ ግልጽ ነው፦ የተወጋው ሰው መሣሪያ በእጁ አለ፣ ቦታና ጊዜም ይሰጠዋል።

በገበሬው ዘንድም ይኸው ደንብ አለ። ደቦ ወጥቶ ሰው ሁሉ ላብ በላብ ከሆነ በኋላ ረፋድ ላይ ብቅ የሚልን ጎልማሳ «አያ፣ ዛሬስ ፀሐይን ቀድመው ወጡ» ይሉታል። ይህ አሽሙር ነው። ቃሉ ምስጋና ነው፣ ነገሩ ወቀሳ። ሰውየው «ምን ላድርግ፣ ብቀድም እናንተ ምን ትሠራላችሁ ብዬ ነው» ብሎ ማጭዱን ካነሣ ሳቁ የሁሉም ይሆናል፤ እሱም በዚያ ቀን ከማንም በላይ ያጭዳል። አሽሙሩ ሥራ አሠራ፣ ቂም አላስቀመጠም። ሁለት ነገሮች ጠበቁት፦ የተነካው ሊያስተካክለው የሚችለው ነገር ነው፣ ማርፈዱ፤ መልስም ወዲያው ተፈቀደለት። ያው ሰው እግሩ አንካሳ ሆኖ በዚያ ምክንያት ቢያረፍድና ያው ቃል ቢሰነዘርበት ግን ማሳው ዝም ይላል። አሽሙር ድንበሩን አልፎ ልግጫ የሚሆንበት መስመር እዚያ ላይ ነው። ሰው ሊያርመው በማይችለው ነገር መሳቅ ይጀመራል።

ከዚህ ምድር ጋር ስሙ ተያይዞ የሚነሣ አንድ ሰው ይህን መስመር በሁለቱም በኩል አይቶታል፤ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ። ጎንደር ላይ «ያዕቆብ» ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1770 የዓባይን ምንጭ ለማየት ወደ ደቡብ ሲወርድ የዳሞቱን ገዥ ፋሲልን ማለፍ ነበረበት። ብሩስ ራሱ እንደጻፈው ፋሲል መጀመሪያ ናቀው፤ ያሰበው ጉዞ የማይሆን ነው አለው። ብሩስም ተቆጥቶ በዚያው መለሰለት፤ በንዴቱ አፍንጫው እስኪነስረው። ኋላም ያልተገራ ፈረስ ሰጥተውት እስኪገራው ታገለው። ከዚያ በኋላ ነው ፋሲል መሪ ሰጥቶት፣ አልብሶትም ምንጩ ወዳለበት ወደ ግሽ የሸኘው። ፊት ለፊት ተናቀ፣ ፊት ለፊት መለሰ፣ ፊት ለፊት ታረቀ።

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 4 ቀን 1770፣ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 1763 ዓ.ም.፣ ግሽ ደረሰ። ምንጩ በሕዝቡ ዘንድ የተከበረ ነውና ጫማውን እንዲያወልቅ ነገሩት። ጫማውን ጥሎ ቁልቁል ሮጠ፤ በቁልቁለቱ የበቀለው አበባ ሥር እግሩን እየያዘው ሁለት ጊዜ ክፉኛ ወደቀ። ግሽ ዓባይ እስከ ዛሬ የአቡነ ዘርዓ ብሩክ ደብር ያለበት፣ ሰው ለጠበል ባዶ እግሩን የሚወርድበት ስፍራ ነው። ብሩስ ምንጩ አጠገብ ቆሞ ውኃውን ቀድቶ ለንጉሡ ለጆርጅ ሦስተኛ ጤና ጠጣ።

እዚህ ላይ ግን ብሩስ ራሱ የማላገጥን ክፉ ገጽ አሳየ። ከእሱ 152 ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 21 ቀን 1618፣ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ ስፔናዊው ኢየሱሳዊ ፔድሮ ፓኤዝ በዚሁ ምንጭ ላይ ቆሞ ነበር፤ ያየውንም ጽፎት አልፏል። ብሩስ የመጀመሪያው አውሮፓዊ መባሉን ፈልጎ ፓኤዝ አልደረሰም፣ ታሪኩ የፈጠራ ነው ብሎ በመጽሐፉ ተሟገተ። ፓኤዝ ከሞተ ያኔ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። መልስ የሚሰጥ አልነበረም። ፓኤዝ በፖርቱጋልኛ የጻፈው መጽሐፍ ሙሉ በሙሉ ታትሞ የወጣው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው፤ ቃሉም እውነተኛ ሆኖ ተገኘ።

ብሩስ ለንደን ሲመለስ ደግሞ ተራው የእሱ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1774 በየሳሎኑ ያየውን ይናገር ጀመር። ጥሬ ሥጋ ስለመብላት፣ ወታደሮች በሕይወት ካለች ላም ሥጋ ቆርጠው ላሟን እየነዱ ሲሄዱ ስለማየቱ ተረከ። ሰሚው ሳቀ። ዋሸ ተባለ። መጽሐፉን አሳትሞ ለማውጣት እስከ 1790 ድረስ ቆየ፤ በአምስት ቅጽ ሲወጣም ሳቁ አልበረደም። በ1792 በባሮን ሙንሃውዘን ስም፣ በዚያ የቅጥፈት ጀግና ስም፣ የታተመ አንድ ተከታታይ መጽሐፍ መታሰቢያነቱ ለብሩስ ነው ተብሎ ወጣ። ከዚህ የበለጠ ልግጫ ይኖራል ብዬ አላስብም። ብሩስ በ1794 ከቤቱ ደረጃ ወድቆ ሞተ። ከእሱ በኋላ የመጡ ተጓዦች ከተናገረው ብዙውን አረጋገጡለት።

ይህን ታሪክ ባነበብሁ ቁጥር የማስበው ስለ ብሩስ ብቻ አይደለም። እነዚያ ሳሎኖች የሳቁት በእሱ ላይ መስሏቸዋል። ነገር ግን ጥሬ ሥጋ ይበላል መባሉ ብቻ የሚያስቃቸው ከሆነ የሚስቁት በሚበላው ሰው ነው። ከጎንደርም፣ ከዳሞትም፣ ከግሽም እዚያ ክፍል ውስጥ ቆሞ «እኛ እንዲህ ነን፤ ምን አለበት?» የሚል አንድ ሰው አልነበረም። ፋሲል ብሩስን ሲንቀው ብሩስ ነበረ። ለንደን በእኛ ስትስቅ እኛ አልነበርንም። ሰው በሌለበት በእሱ መሳቅ የማላገጥ ቀላሉ መንገድ ነው፤ ስለዚህም የተለመደው።

እኛም ከዚህ ንጹሕ አይደለንም። በዚህ በራሳችን ምድር ማጭድና ማረሻ የሚያወጣልንን ብረት ቀጥቃጭ፣ ሸማ የሚያለብሰንን ሸማኔ፣ እንስራና ምጣድ የምትሠራልንን ሸክላ ሠሪ፣ ቆዳ ፋቂውን ስንት ዘመን አላግጠንበታል! ማረሻው ባይኖር በርበሬውም ድንቹም ገብሱም እንደማይኖር እያወቅን። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጁት አዋጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብን ከለከሉ፤ ብረት የሚሠራውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ ጽሕፈት የሚያውቀውን ሳይቀር ሰነፉ እየሰደበ ብልሁን ከሥራው እንዳስወጣው፣ አገርም በዚህ ባዶ እንደቀረች በምሬት ነበር የገለጹት። ተሳዳቢው እንዲታሰርም አዘዙ። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ዛሬም በገጠር ከእነዚህ ባለሙያዎች ጋር ማዕድ የማይቆርስ፣ ልጁን የማይድር አለ። «ቡዳ» የምትለዋን ቃል ከቀልድ ጋር አብሮ የሚወረውርም አለ። በዚሁ ቃል አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ሌላው ኢትዮጵያዊ በጎጃሜ ላይ መልሶ ያላግጥበታል። ከገጠር ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ አፉን ሲከፍት ዘዬውን እየቀዱ ይስቁበታል፤ ልጁም አንድ ሴሚስተር ሳይሞላው አነጋገሩን ለውጦ፣ ለእናቱ ስልክ ሲደውል ብቻ የሚናገረው ሌላ አማርኛ ይኖረዋል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሰው የእናቱን አነጋገር እንዲደብቅ ያደረገ ሳቅ ቀልድ ሊባል አይችልም።

አሁን ደግሞ ስልክ አለ። በገበያ ቀን የወደቀ ሽማግሌ፣ ካሜራ ፊት ቃል የተደናገራት ገበሬ በቲክቶክ ላይ ወጥተው ከማያውቁት ሕዝብ ፊት ይቀርባሉ። የአላጋጩ ሦስተኛ ሰው ቀድሞ ማሳው ላይ የነበረው አሥር ሃያ ሰው ነበር፤ አሁን ወሰን የለውም። የተላገጠበት ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ቪዲዮውን አላየውም፤ ስማርት ስልክም የለውም።

ሕግ በዚህ ነገር ብዙ አይረዳም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 615 ስድብንና ማዋረድን ይቀጣል። ችግሩ ማስረጃው ላይ ነው። አሽሙረኛ ሲጠየቅ «ደህና አደሩ ነው ያልሁት፤ ደህና አደሩ ማለት ወንጀል ነው?» ይላል። ሰሙ ንጹሕ ነው፣ ወርቁን ደግሞ ምስክር ሊያወጣው ይቸገራል። የስድብ ቃል በመዝገብ ይጻፋል፤ የከንፈር መንቀሳቀስ፣ የዓይን መጠቃቀስ፣ ከኋላ የተሰማ ሳቅ በምን ይጻፋል?

ስለዚህ ነገሩ ወደ ሽማግሌ ይመጣል። ሽማግሌ ከፍርድ ቤት በተለየ መንገድ ይጠይቃል። «ምን አለህ?» ብሎ ብቻ አያቆምም፤ «የት ነው ያለህ? እነማን ነበሩ?» ይላል። የተባለው ቃል ትንሽ ሆኖ ቦታው ሠርግ ከሆነ፣ ወይም አማቾች ተቀምጠው ከሆነ ጉዳዩ ይከብዳል። ቃሉ ክፉ ሆኖ ሁለቱ ብቻቸውን መንገድ ላይ ከነበሩ ይቀላል። የእርቁም ቦታ ከዚህ ይወጣል። በጽዋ ማኅበር ላይ የተላገጠበት ሰው አላጋጩ ማታ ቤቱ መጥቶ ይቅርታ ቢለው እሺ አይልም፤ ሽማግሌዎቹም እሺ በል አይሉትም። የሚቀጥለው ወር ጽዋ እስኪወጣ ይጠበቃል። የተጣላ ሰው ጽዋ አይቀምስምና ሁለቱም ከመቅመሳቸው በፊት አላጋጩ ተነሥቶ፣ ያን ቀን የሳቁት ሰዎች ሁሉ ባሉበት፣ ጥፋቱን በአፉ ይናገራል። ከዚያ ሽማግሌው ዞር ብሎ የሳቁትን ይጠይቃቸዋል፦ «እናንተስ?» እነሱም አንድ በአንድ «ይቅር በለን» ይላሉ።